ጕልበትና ትምህርት

ጕልበት ያለ ዕውቀት መንገዱን እንደማያውቅ ፈረስ ነው፤ ዕውቀትም ያለ ጕልበት ከሰገባው እንደማይወጣ ሰይፍ ነው። ስለዚህ ወታደር በሁለቱም ካልተሠራ ሙሉ ወታደር ሊባል አይችልም። ይህን ማስታወስ ያስፈለገበት ምክንያት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በዙሪያቸውም ባለው በምዕራብ ጎጃም ባላገር ከሚማሩት ልጆች መካከል፣ ከተመረጠው የጦር ክፍል ማለት ከኮማንዶ ወይም ከአየር ወለድ ለመግባት የሚመኙ፣ ለዚሁም ሲሉ ትምህርታቸውን ከመካከሉ አቋርጦ መሄድን እንደ ጀግንነት የሚቈጥሩ በመኖራቸው ነው።

ምኞቱ አይነቀፍም። አገርን ለመጠበቅ ሰውነትን ማዘጋጀት ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነገር ነው። የሚነቀፈው ችኰላው ብቻ ነው። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ነገር ግን የችኰላው ምክንያት ሳይመረመር ልጁን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ውስጥ የፈተናውን ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ሆኑ። ከዚህም በላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ልጆችም ከመምህራቸው ተለዩ። ምዕራብ ጎጃም ጦርነት ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ የሚማር አገር አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ለ16 ወይም ለ17 ዓመት ልጅ መጽሐፉ ሩቅ፣ ጠመንጃው ቅርብ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ስለሆነም ምክሩ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለወላጁም፣ ለመምህሩም፣ ወታደር ለሚመለምለውም መኰንን ጭምር ነው።

በመጀመሪያ ከታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይታይ። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚባለው ስዊድናዊ መኰንን ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ የተመረጡ ጐልማሶችን ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹ ገና ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ወረረ። ከእነርሱም አያሌዎቹ በጥቁር አንበሳ ማኅበር ገብተው በምዕራብ ኢትዮጵያ ታገሉ። ጀግንነታቸው የማይካድ ነው። ሆኖም ትምህርታቸውን ያቋረጠባቸው ጠላት ነው እንጂ እነርሱ ራሳቸው አላቋረጡትም። ጠላት በግድ የወሰደባቸውን ነገር የዛሬ ተማሪ በፈቃዱ አውጥቶ ቢጥለው፣ እነርሱን መሰለ ሊባል አይችልም።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላም ይህ ነገር ተስተውሏል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ በሐረር የጦር አካዳሚ ሲቋቋም፣ ለዕጩ መኰንንነት የሚመረጡት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የፈጸሙ ጐልማሶች ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ ከሕንድ አገር በመጡ መኰንኖች እየተመሩ ሦስት ዓመት ይማሩ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው ትምህርትን መፈጸም ወደ ጦር ሠራዊት የሚያስገባ በር እንጂ የሚያዘገይ እንቅፋት ሆኖ አልተቈጠረም።

በኮሪያ ስሙን ያስጠራው የቃኘው ሻለቃም ምስክር ነው። ሻለቃው ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ በ1943 ዓ.ም. ከመጓዙ አስቀድሞ፣ የኮሪያን ምድር በሚመስሉ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ ወራት ሙሉ ሲለማመድ ቈየ። በኮሪያም ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋራ ተሰልፎ ተዋጋ። ዳገቱን ለመውጣት እግር አስፈለገ፤ ነገር ግን ካርታ አንብቦ ቦታን ለመለየት፣ በሬዲዮ ለመነጋገር፣ በባዕድ ቋንቋ የሚመጣውን ትእዛዝ ሳያዛንፉ ለመረዳት የተማረ አእምሮ አስፈለገ። በሐምሌ 1952 ዓ.ም. ወደ ኮንጎ ለሰላም ማስከበር የዘመተው ጦርም እንዲሁ በማያውቀው አገር፣ ቋንቋውን ከማያውቀው ሕዝብ መካከል ሥርዓት ማስከበር ተገዶ ነበር።

ሩቅ ሳይሄዱም የቡሬን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ፣ በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኀይል የተባለው ጥቂት ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋራ ተባብሮ፣ በቍጥር እጅግ የሚበልጠውን የኢጣሊያ ጦር ቡሬን አስለቅቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ እንዲያፈገፍግ አደረገው። ይህ የሆነው በሰው ብዛት አይደለም። ሌሊት በመጓዝ፣ የጠላትን ሁኔታ አጣርቶ በማወቅ፣ ባላሰበው ሰዓትና ቦታ በመድረስ ነው። ዛሬ ከቡሬ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫ የሚሄድ ተማሪ፣ የሚረግጠው መንገድ ራሱ የተመረጠ ወታደር በእግሩም በልቡም የሚሠራ መሆኑን ያስተምረዋል።

ሰውነት በአንድ ወር እንደማይሠራ ደግሞ አበበ ቢቂላ ምስክር ነው። የክቡር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሲያሸንፍ ዕድሜው 28 ዓመት ነበረ። ከዚያ በፊት በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ በሥርዓት ሲለማመድ ቈይቷል። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ እንደ ገና ሲያሸንፍም 32 ዓመቱ ነበረ። እንግዲህ የ17 ዓመት ተማሪ ትምህርቱን እስኪፈጽም አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቢቈይ ጕልበቱ አያልፍበትም፤ ገና መምጣቱ ነው።

የባላገር ተማሪ በዚህ ነገር ከማንም አያንስም። ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት የሚከራየው፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ወላጆቹ እየሄደ ስንቁን ተሸክሞ የሚመለሰው ልጅ፣ ሳያውቀው የወታደርን ጉዞ ሲለማመድ ይኖራል። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያድግ ሰው ደሙና ሳንባው ስስ አየርን የለመደ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚያስወጣ መሣሪያም ሆነ በገበያ የሚሸጥ የጕልበት መድኀኒት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሥርዓት ብቻ ነው።

ሥርዓቱም አስቸጋሪ አይደለም። ከሳምንቱ ሰባት ቀን ሦስቱን ለሩጫ፣ ሁለቱን ለክንድ፣ ለጀርባና ለሆድ ማጠንከሪያ፣ አንዱን ሸክም ይዞ ለረጅም ጉዞ፣ አንዱን ለዕረፍት መመደብ ይበቃል። ለክንድ ማጠንከሪያ መሬት ላይ በደረት ተኝቶ በእጅ መነሣትና ከጠንካራ የዛፍ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ ከሁሉ ይሻላል። ሩጫውን በጥቂት ኪሎ ሜትር ጀምሮ፣ በየሳምንቱ ከዐሥር አንድ እጅ የማይበልጥ እየጨመሩ መሄድ ይገባል። ሸክሙም ከ5 ኪሎ ግራም ግድም ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ገበሬ ለጤፍ ማሳውን ደጋግሞ ካረሰ በኋላ ይዘራል እንጂ በአንድ ቀን አርሶ፣ ዘርቶ፣ አጭዶ አይገባም። የልጅ አጥንት ገና በማደግ ላይ ስለሆነ፣ ከባድ ሸክም ይዞ ቍልቍለት የሚሮጥ ተማሪ ጕልበቱን ይጐዳል፤ የቅልጥሙን ሕመም ችላ ብሎ መሮጥ የሚቀጥልም አጥንቱን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። በሽታውን ደብቆ የሚሮጥ ጀግና አይደለም፤ ከሠፈር በር የሚመለስ ይሆናል።

ምግቡ በወላጆቹ ጎተራ አለ። ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ምስሩ ሥጋን ይገነባል፤ በሶውና ቆሎው ለጉዞ ብርታት ይሰጣል፤ የዳጉሳው እንጀራ ለአጥንት ይጠቅማል። በጾም ወራት የሚጾም ተማሪ ከባዱን ልምምድ ወደ ምግቡ ሰዓት ቢያስጠጋው፣ ሽሮውንና ጥራጥሬውንም ቢያበዛ ጾሙም ልምምዱም አይጐዳበትም። እንቅልፍንም መናቅ አይገባም፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው በሌሊት ከ8 ሰዓት ያላነሰ ካልተኛ ሥጋው አይጠነክርም፤ ያጠናውም በአእምሮው አይጸናም። ጫትና አረቄ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያፈርሳሉ። ዋና ለመማር የሚሻም ከሚያውቅ ሰው ጋራ፣ በበጋ፣ ንጹሕ በሆነ ውሃ ይማር፤ የብር ወንዝም ሆነ ሌላው በክረምት ሲሞላ ጀግና ከፈሪ አይለይም፤ በተኛ ውሃ ውስጥም የቢልሃርዚያ በሽታ አለ።

ይህ ሁሉ ልምምድ ከትምህርት ሰዓት ሳይነካ ይፈጸማል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ እስከ 12 ሰዓት የሚለማመድ፣ ቀን በትምህርት ቤት የሚውል፣ ማታ ሁለት ሰዓት አጥንቶ በጊዜ የሚተኛ ተማሪ፣ ወታደር ከመሆኑ በፊት የወታደርን ኑሮ ጀመረ ማለት ነው። በመምህሩ ሰዓት የሚሮጥ ግን የራሱን ስንቅ የሚሰርቅ ነው። ሒሳብ ርቀትንና አቅጣጫን ለመለካት፣ ፊዚክስ የሬዲዮንና የመሣሪያን ጠባይ ለማወቅ፣ ጂኦግራፊ ካርታን ለማንበብ፣ ባዮሎጂ የቈሰለን ጓደኛ ለመርዳት፣ እንግሊዝኛም በውጭ አገር ለመነጋገር ይጠቅማል። ማንም ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ኮማንዶ አይሆንም፤ አስቀድሞ በምዕራብ ጎጃም ራሱ በብር ሸለቆ እንዳለው ባለ ማሠልጠኛ ገብቶ መሠረታዊውን ውትድርና መማር አለበት። በዚያም ቦታ ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚመረጠው የሮጠ ብቻ ሳይሆን የተነገረውን ቶሎ የሚረዳ፣ ሲደክመውም ማሰቡን የማያቆም ነው።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ለተመረጠ ጦር ከሚወዳደሩት መካከል የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። ትምህርቱን ፈጽሞ የሄደ ልጅ በምርጫው ቢወድቅ መምህር፣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን ወይም በዕውቀት የሚያርስ ገበሬ ለመሆን መንገድ አለው። ከ10ኛ ክፍል አቋርጦ የሄደው ግን ጕልበቱ ሲታመም ወይም ዘመኑ ሲፈጸም የሚመለስበት ቤት አይኖረውም። ከውትድርና በኋላ ያለው ዕድሜ ከውትድርናው ዘመን ይረዝማልና።

እንግዲህ ለሌሎቹም የሚገባቸው ድርሻ አለ። የአገሪቱ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነውን ልጅ ለውትድርና መመልመልን ከልክሏል። ይህን ሕግ መጠበቅ የመንግሥት መኰንን ቀዳሚ ግዴታ ነው፤ ማንም ይሁን ማን፣ በማናቸውም ስም፣ ልጅን ከመጽሐፉ አንሥቶ ጠመንጃ የሚያስይዝ ሰው ለአገር ወታደር አላፈራም፤ ከአገር ላይ አንድ የተማረ ሰው ቀነሰ እንጂ። የተዘጋውን ትምህርት ቤት መክፈት፣ የተከፈተውንም ማንም እንዳይደፍረው መጠበቅ ከሁሉ ይቀድማል፤ ትምህርት ቤት በሌለበት ትምህርትህን ፈጽም ብሎ መምከር ውሃ በሌለበት ታጠብ እንደ ማለት ይሆናልና። መምህራንም የሰውነት ማጠንከሪያን ትምህርት እንደ ጨዋታ ሰዓት ሳይቈጥሩ ልጆቹን በሥርዓት ቢመሩአቸው፣ ወላጆችም የልጃቸውን ምኞት በቍጣ ከመዝጋት ይልቅ «መጀመሪያ ፈጽም፤ ከዚያ በምርቃት ትሄዳለህ» ቢሉት ልጁ ይሰማል።

የከተማይቱ ስም ፍኖተ ሰላም፣ ትርጕሙም የሰላም መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ማልዶ የሚሮጥ ተማሪ፣ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ክፍሉ ገብቶ ደብተሩን የሚገልጥ ከሆነ፣ አገር የሚተማመንበት ሰው በመሠራት ላይ ነው። የመጨረሻውን ፈተና ሳይጽፍ የሚሄድ ልጅ ግን የመጀመሪያውን ጦርነቱን ሸሽቶ እንደ ሄደ ይወቀው።