ዝሆን ስንት እጅ አለው?



«ዝሆን ስንት እጅ አለው?» ብዬ ብጠይቃችሁ ከመካከላችሁ ፈገግ የሚል አይጠፋም። «ዝሆን አራት እግር እንጂ እጅ ከየት አምጥቶ!» ትሉኛላችሁ። መልካም ነው። ነገር ግን ቅጠል ቀንጥሶ ወደ አፉ የሚያደርስበት፣ ግንድ የሚያነሣበት፣ ውሃ ስቦ በጀርባው ላይ የሚረጭበት ኩምቢው ምን ሊባል ነው? አፍንጫ ነው ብንል ልክ ነው፤ ይተነፍስበታልና። እጅ ነው ብንልም ከልኩ አልራቅንም፤ ይይዝበታልና። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል እንኳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ እንስሳት አካል በጻፈው መጽሐፍ፣ ዝሆን አፍንጫውን እንደ እጅ ይገለገልበታል ሲል አስፍሮታል።

ይህ እንቆቅልሽ እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ መካከል በኮምፒውተርና በስልክ የሚጫወቱትን ጨዋታ ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ቢኖር ነገሩ የሥራው መጀመሪያ ነው። በምድር ላይ ታይቶ የማያውቅ አውሬ ልፍጠር ብሎ ለተነሣ ሰው ትልቁ ችግር ሥዕሉ አይደለም፤ ስሙ ነው። ስምንት እግር፣ ሁለት መቆንጠጫና አንድ ረጅም ጅራት ያለው ፍጡር መሣል ይቻላል። ነገር ግን «ሰይፉን አንሣ» የሚል ትእዛዝ ሲሰጠው በየትኛው አካሉ ያንሣው? «ሩጥ» ሲባልስ የትኞቹ ይንቀሳቀሱ? ኮምፒውተር እንደ ሰው አይቶ አይገምትም። አስቀድሞ በስም ተለይቶ ካልተጻፈለት አውሬው እንደ ሐውልት ተገትሮ ይቀራል።

ለአካል ክፍል ስም የሚወጣበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ባለሙያ እመቤት ከዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ታወጣለች። ፈረሰኛና መላላጫ የሚሉት ስሞች ለድስቱና ለገበታው የታሰቡ ናቸው እንጂ ዶሮዋ በምን ትራመድ እንደነበር አይነግሩንም። እመቤቲቱም አልተሳሳተችም፤ የምትፈልገው ሌላ ነውና።

የእንስሳት ሊቃውንት ደግሞ ዘርን ይመረምራሉ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. ሁለት ዓይነት መመሳሰል እንዳለ ለይቶ ጻፈ። የሰው ክንድ፣ የፈረስ የፊት እግር፣ የሌሊት ወፍ ክንፍና የዓሣ ነባሪ መቅዘፊያ በአጥንታቸው አደራደር ይመሳሰላሉ፤ ሥራቸው ግን አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይበራል፣ አንዱ ይቀዝፋል። በአንጻሩ የወፍ ክንፍና የቢራቢሮ ክንፍ ሥራቸው አንድ ነው፤ በቢራቢሮው ክንፍ ውስጥ ግን አጥንት የሚባል ነገር የለም። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 መጽሐፉን ባወጣ ጊዜ፣ ያ የአጥንት መመሳሰል እንስሳቱ ከአንድ የጥንት ዘር ለመምጣታቸው ምልክት መሆኑን አስረዳ።

እንግዲህ ጨዋታ ሠሪ የትኛውን ይከተል? በዘር መለየት ለሥነ ሕይወት ተማሪ የግድ ነው። ተጫዋች ግን «ይህ ፍጡር ከማን ተወለደ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ምን ማድረግ ይችላል?» ብሎ ነው የሚጠይቅ። ስለዚህ ስሙ ከሥራው ይውጣ።

ይህን በተግባር ያሳዩ ሰዎች አሉ። በ2008 በአሜሪካ የወጣው «ስፖር» የተባለው ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ፍጡር እንደ ጭቃ እያድበለበለ እንዲሠራ ይፈቅዳል። የሠሪዎቹ ጭንቀት ይህ ነበር፤ ተጫዋቹ ሁለት እግር ይስጠው ወይስ ዘጠኝ ሳያውቁ ፍጡሩን እንዴት ያስጨፍሩት? መፍትሔ ያገኙት በስም አሰጣጡ ነው። እንቅስቃሴውን ሲያዘጋጁ «ቀኝ እጅ» እያሉ ከመጻፍ ይልቅ «መያዣ የሆነው አካል»፣ «በፊት በኩል ያለው» እያሉ በሥራና በአቅጣጫ ለዩት። በዚህም የተነሣ መያዣው ሁለትም ሆነ ስድስት ትእዛዙ ያው አንድ ሆነ።

በ2006 ለሕዝብ የቀረበው «ድዋርፍ ፎርትረስ» የሚባለው የወንድማማቾቹ የታርንና የዛክ አዳምስ ጨዋታም የእያንዳንዱን ፍጡር አካል ከነተግባሩ ይመዘግባል፤ ይህ መቆሚያ፣ ይህ መያዣ፣ ይህ መብረሪያ፣ ይህ መተንፈሻ እያለ። መያዣው በጦርነት የተቆረጠበት ተዋጊ መሣሪያ ሊይዝበት አይችልም። ስሙ ጌጥ ሳይሆን ሕግ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንምጣ። «እጅ» ስንል አንዳንዴ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ፣ አንዳንዴ ከአንጓ በታች ያለውን ብቻ ማለታችን ነው። «እግር»ም እንዲሁ ታፋውንም መርገጫውንም ይጠቀልላል። ክንድ፣ ክርን፣ መዳፍ፣ ባት፣ ተረከዝ የሚሉ ጠበብ ያሉ ቃላት አሉን፤ እነሱም የሚያመለክቱት ቦታን እንጂ ሥራን አይደለም። ይሁን እንጂ አማርኛ ለሥራ ስም ድኻ አይደለም። ግሱን ወስዶ ከፊት «መ»ን፣ ከኋላ «ያ»ን ማድረግ ይበቃል፤ መብረሪያ፣ መቅዘፊያ፣ መቆፈሪያ፣ መዝለያ፣ መውጊያ ይሆናል። የመጨረሻው ፊደል አንዳንዴ ይለወጥና መያዣ፣ መርገጫ፣ መዳሰሻ ይላል። አናጢው መጋዙን፣ ገበሬው ማረሻውን ስም ያወጣለት በዚሁ በሥራው ነው። ስለዚህ በአማርኛ ጨዋታ የሚሠራ ወጣት ስም ፍለጋ ባሕር ማዶ ሊሻገር አይገባውም።

ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ አንድ አካል አንድ ሥራ ብቻ አለው አትበሉ። ሠራተኛ ንብን ተመልከቱ። በስድስቱም እግሮቿ ትሄዳለች፤ በፊተኞቹ ግን የራስዋን መዳሰሻዎች ትጠርጋለች፣ በኋለኞቹ ደግሞ የአበባ ዱቄት ተሸክማ ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች። የሰሜን ተራሮች ጭላዳም ሲሄድ እጁ እግር ይሆንለታል፤ ተቀምጦ ሣር በጣቶቹ ሲለቅም ደግሞ ያው እግር ተመልሶ እጅ ይሆናል። የአውስትራሊያው ካንጋሮ በዝግታ ሲራመድ ጅራቱ ከአራቱ እግሮቹ ድምር የማያንስ ግፊት እንደሚሰጥ ተመራማሪዎች በ2014 ለክተው አሳይተዋል። «ጅራት ነው» ብሎ ከመሄጃዎች መዝገብ የሰረዘው ሰው የካንጋሮን ዋና መግፊያ ሰረዘ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቦታንና ሥራን በአንድ ዓምድ አትጻፉ። «የፊት እግር» የሚለው ቦታውን ነገረን እንጂ መቆፈሪያ ይሁን መያዣ ገና አላወቅንም። ቦታው ለብቻ፣ ሥራው ለብቻ ይመዝገብ።

ሦስተኛ፣ ከ«ልዩ ልዩ» ተጠንቀቁ። በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ታውቁታላችሁ፤ «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተከፈተ ፋይል የገባበትን ደብዳቤ መልሶ አይሰጥም። «ሌሎች የአካል ክፍሎች» የሚል መደብ የከፈተ ጨዋታ ሠሪም ውሎ አድሮ የፍጡሩን ግማሽ አካል እዚያ ተቀብሮ ያገኘዋል።

ምደባው ልክ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። «ይህ አካል ቢቆረጥ ፍጡሩ ምን ያጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። መሄድን ካጣ መሄጃ ነበር፤ መያዝን ካጣ መያዣ ነበር፤ ሁለቱንም ካጣ ሁለቱም ይጻፍለት። ምንም ካላጣ ያ አካል ጌጥ ነውና ጌጥ ተብሎ በሐቅ ይመዝገብ።

በሚመጣው እሑድ አንድ ወረቀት አራት ቦታ አስምሩና አንበጣን፣ ኤሊን፣ ንስርን፣ ሸርጣንንና ጭላዳን አስፍሩበት። በመጀመሪያው ዓምድ የአካሉን ስም፣ በሁለተኛው ቦታውን፣ በሦስተኛው ሥራውን፣ በአራተኛው ቢቆረጥ የሚታጣውን ጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ ከሁሉ ይልቅ ያስቸግራችኋል። ያን ዓምድ ሳትገለብጡ በራሳችሁ አማርኛ የሞላችሁ ዕለት፣ ያልተፈጠረውን አውሬ ለመፍጠር ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።