«ኪው» ብቻዋን ስትቆም

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንድ አባት የላኩልን ብዙ አነጋግሮናል። እንዲህ ይላሉ፦

«የ13 ዓመት ልጄ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ‹ኪው› የምትባለው ፊደል ያለችባቸውን ባለ አምስት ፊደል ቃላት እንድትጽፍ ታዘዘች። ከጻፈቻቸው አንዱ ‹ቂብላ› ነበር። መምህሯ በቀይ ሰረዙትና ‹ከኪው ቀጥሎ ዩ ግዴታ ነው፤ ይህ እንግሊዝኛ አይደለም› ብለው ጻፉበት። ጓደኞቿም ሳቁባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ትታለች። ለመሆኑ ልጄ ተሳስታለች?»

ወንድማችን፣ ልጅዎ አልተሳሳተችም። ኪው፣ አይ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኤ፤ ቆጥረን አምስት ፊደል አግኝተናል። ቃሉ በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል፤ ትርጉሙም ሙስሊሞች ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚያዞሩበት አቅጣጫ ነው።

ይሁንና መምህሯንም ቢሆን ከባዶ ተነስተው ተናገሩ አንልም። የጥንቱ እንግሊዝኛ ንግሥት የሚለውን «ኩዊን» ሲጽፍ በሲና በደብሊው እንጂ በኪው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ግን በፈረንሳይኛና በላቲን የሠለጠኑ ጸሐፍት ኪውንና ዩን አጣምሮ የመጻፍ ልማድ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ በነባሮቹ የእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ኪው ያለ ዩ አትታይም። ብቻዋን ካየናት ቃሉ እንግዳ ነው ማለት ነው።

እንግዶቹ እነማን ናቸው? ከቻይና የመጣ «ቺ» አለ፤ በኪውና በአይ የሚጻፍ፣ ሁለት ፊደል ብቻ። ከዕብራይስጥ «ሼቀል» አለ። አብዛኞቹ ግን በዐረብኛ በኩል የመጡ፣ እኛ ቤት ውስጥ በየቀኑ የምንላቸው ናቸው። ባለ አራት ፊደሉ «ቃዲ»፣ ባለ አምስት ፊደሎቹ «ኒቃብ»፣ «ፈቂር»፣ «ጠላቅ»፣ ባለ ስድስቱ «ጠሪቃ»። «ቡርቃ»ም አለ፤ እርሱ ዩ አለበት፣ ነገር ግን ዩዋ ከኪው በፊት እንጂ በኋላ አይደለችም። «ቃናት» ደግሞ በተለይ በኢራን የሚታወቀው፣ ውኃ ከተራራ ሥር በዋሻ የሚመጣበት ቦይ ነው። በሦስት ፊደል ብቻ የሚጻፈውን «ቃት» አንባቢ ሳይገምት አይቀርም፤ ዐረቦች እንዲህ ይሉታል፣ እኛ ጫት እንለዋለን። የእንግሊዝኛ ቃላት ተጫዋቾች በጣም ይወዱታል። (ቃሉን ማለታችን ነው፤ ስለ ቅጠሉ ያለንን ሐሳብ አንባቢዎቻችን ያውቁታል።)

ከሁሉ የገረመን ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ በፊት ወደ አውሮፓ የተሻገሩት ቃላት «ቃፍ»ን መንገድ ላይ ጥለውታል። ቀህዋ በቱርክና በሆላንድ አፍ አልፎ እንግሊዝ ሲደርስ «ኮፊ» ሆነ። ቁጥን «ኮተን» ሆነ። ቀንድ የሚባለው ስኳር «ካንዲ» ሆነ፣ አል ቀሊ ደግሞ «አልካሊ»። የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን «አልካሊ» ሲሉ ዐረብኛ እየተናገሩ መሆኑን ስንቶቹ ያውቃሉ? በኋላ የመጡት የዐረብኛ ሊቃውንት ቃፍና ካፍ እንዳይደባለቁባቸው ሲሉ ለቃፍ ኪውን ሰጡት። ቂብላ ያለ ዩ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ኪው ራሷ ብትሆን ከባዕድ ቤት አልገባችም፤ የላቲኑ ኪው፣ የዐረብኛው ቃፍና ስሙ ቃፍ የተባለው የእኛው ቀ ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ፊደል የወረዱ ዘመዳሞች ናቸው። እንግሊዞች ፊደሉን ይዘው ድምፁን አጡት፤ የእኛ ልጆች ድምፁን ከነጉሮሮው ይዘውታል።

ደብዳቤው እንደደረሰን በዝግጅት ክፍላችን «ስክራብል» የሚባለውን ጨዋታ ዘርግተን ተቀመጥን። ጨዋታውን የፈጠሩት አልፍሬድ በትስ የተባሉ የኒውዮርክ የሕንፃ ነዳፊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ ሲያጡ ጋዜጣ ዘርግተው እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ቆጠሩ፤ ለብርቅዬው ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ። ከመቶዎቹ ጠጠሮች 12ቱ «ኢ» ናቸው፤ ኪው አንዲት ብቻ ናት፣ ዋጋዋም 10። ዩ የሌለው ሰው እርሷን ከያዘ ጭንቅ ነው። እኛም ከመካከላችን አንዱ ጨንቆት ቆይቶ ድንገት ፊቱ በራና ቲ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኪው ብሎ ደረደረ። «ጠላቅ! 14 ነጥብ!» ብሎ ሲጮኽ በዕድሜ የሚበልጡን ባልደረባችን ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው፣ «አዑዙ ቢላህ! ማንን ነው የፈታኸው?» አሉ። ሳቅን። ትንሽ ቆይተን ግን ቤት የሚያፈርሰውን ቃል እንደ ጠጠር መወርወራችን ራሳችንንም ቅር አለን። (ጨዋታው ገንዘብ ከተያዘበት ቁማር ነውና ወላጆች ይህን ይጠብቁ።)

በዚህ ጨዋታ ቃላትን በቁጥርና በፊደል ብቻ የሚያጠኑ ሞልተዋል። የኒውዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ መናገር ሳይችሉ የቃላቱን ዝርዝር ሸምድደው እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ውድድር አሸንፈዋል። ሱብሐነላህ የሚያሰኝ ትዝታ ነው! ዛሬ በስልክ በስድስት ሙከራ ባለ አምስት ፊደል ቃል የሚፈልጉት ልጆቻችንም ዝርዝር ፍለጋ ሲሮጡ እናያለን። ያቺ የ13 ዓመት ልጅ ግን ቂብላን ከዝርዝር አላገኘችውም። በየቀኑ አምስት ጊዜ ፊቷን የምታዞርበት ነው፤ የፊደሉ ቁጥር ሲጠየቅ ትዝ አላት። እኛ ከሻምፒዮናው ይልቅ በእርሷ ተደንቀናል።

ስለዚህ ወንድማችን፣ መዝገበ ቃላቱን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂዱ እንላለን። ይሁን እንጂ ተማሪዎች ፊት አይሁን፤ መምህሯን ለብቻቸው ሰላም ብለው ያሳዩአቸው። መምህርም ይሳሳታል፣ እኛም በዚህ አምድ ተሳስተን ታርመናል። ከተቻለ ልጅቷ ራሷ ቃሉን ከነታሪኩ ለክፍሉ እንድታስረዳ ይጠይቁላት። የተሳቀባት በክፍል ፊት ነውና እጇ የሚመለሰውም እዚያው ነው።

ለእርሷና ለእኩዮቿ የዚህ ወር እንቆቅልሽ፦ አራት ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ኪው በሦስተኛው ቦታ ተቀምጣለች፣ ዩ በአካባቢው የለችም፣ በስክራብል 19 ነጥብ ያስገኛል። ባለቤቱ ለአላህ ብሎ የሰጠው፣ ከዚያ በኋላ የማይሸጥና የማይወረስ ንብረት ማለት ነው። መልሱን በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ እናወጣለን።