ሶሻል ከሒሳብ መሸሸጊያ አይደለም

በወላይታ፣ ገሱባም ይሁን ሶዶ፣ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ «ናቹራል» ወይም «ሶሻል» ብሎ ሲመርጥ የሁለት ዓመት ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ የሚቀመጥበትን ብሔራዊ ፈተናም መምረጡ ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ጎበዝ ናቹራል ይግባ፣ ሒሳብ ያስቸገረው ሶሻል ይሻለዋል ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ይህ አስተሳሰብ ልጆችን እየጎዳ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት የጀመረው የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን ይዞ ነበር፤ ኩረጃ ሲጠብ የታየውም ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ከ339,642 የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 22,936 ሲሆኑ፣ ከ556,878 የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች ግን 6,973 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። ሒሳብን ፈርቶ የሸሸ ተማሪ እዚያም ሒሳብ ይጠብቀዋል። ዛሬ ከሚፈተንባቸው ስድስት ትምህርቶች ሦስቱ፣ ማለትም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ፣ በሁለቱም ዘርፍ አሉ። ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስም የሚፈተኑት በእንግሊዝኛ ነው፤ በወላይትኛ ፊደል ለቆጠረ ልጅ ረጅም የእንግሊዝኛ ጥያቄ አንብቦ መረዳት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ጠንካራ ተማሪዎች አስቀድመው ናቹራል ስለሚገቡ ነው ልዩነቱ የሰፋው የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ ቁጥሩ ናቹራል ይቀላል አይልም፣ ሁሉም ወደዚያ ይሂድም አያሰኝም። ነገር ግን ይህ መልስ ችግሩን ይበልጥ ያጋልጠዋል፦ ሶሻልን የተረፉት መሰብሰቢያ ያደረግነው እኛው ነን። ከዩኒቨርሲቲ ቦታ 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ የሰጠው የመንግሥት ፖሊሲም ለዓመታት ይህንኑ ስሜት አጠናክሮታል። ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ ማጥናት የሚመኝ ጎበዝ ልጅ «ጭንቅላትህን አታባክን» ሲባል ያድጋል፤ ፊዚክስ የማይሆንላትም ልጅ ለስሙ ስትል ናቹራል ትገባለች።

የላቦራቶሪ እጥረት ያለበት ትምህርት ቤት ልጅ ናቹራልን እንዴት ይድፈር የሚለው ጥያቄ የበለጠ ክብደት አለው። ኬሚስትሪን ሙከራ ሳያዩ መሸምደድ ከባድ ነው። ስለዚህ ወላጅ ከዘርፉ ክብር በፊት መጠየቅ ያለበት ላቦራቶሪው ይሠራል ወይ፣ የፊዚክስ መምህሩስ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል ወይ ብሎ ነው። ይህን ጠይቆ ልጁን ሶሻል ያስገባ ወላጅ በጥሩ ምክንያት ወስኗል። አሜሪካ ውስጥ በኤስኤቲና በኤሲቲ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች መካከል የሚያመነቱ ተማሪዎች ሁለቱንም በልምምድ ሞክረው በውጤታቸው እንዲወስኑ ይመከራሉ። እኛም ዘርፍ ለማስመረጥ እንዲህ ያለ ሙከራ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገንም። ገሱባ ያለችበት የኦፋ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ከምርጫው በፊት፣ አሥረኛ ክፍል ሳያልቅ፣ ካለፉት ዓመታት የሁለቱም ዘርፍ ፈተናዎች ለደረጃው የሚመጥኑ ጥያቄዎችን መርጠው ያቅርቡ፤ ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል የእንግሊዝኛና የሒሳብ ውጤት ጋርም ለወላጅ ያሳዩ።