ስግድ የወረቀት ጃንጥላ አይደለም

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን ልጅ ያቦካው ለዕድሜ ልክ ሲበቃ አይቻለሁ። ያየሁት ከጎንደር የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በሚኖሩበት በእስራኤል አገር ነው። ሐኑካ የሚባለው በዓል ሲቃረብ በየመዋዕለ ሕፃናቱ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ጭቃ ጠፍጥፈው መቅረዝ ይሠራሉ፤ ስምንት ጉድጓድ ለስምንቱ ሌሊት፣ ዘጠነኛው ሌሎቹን ለምትለኩሰው ሻማ። ሰቪቮን የሚሏትን ባለ አራት ገጽ እሽክርክሪት ያሾራሉ። በዘይት የተጠበሰ ቦምቦሊኖ ይበላሉ። በቤተ መቅደሱ የአንድ ቀን ዘይት ስምንት ቀን በራ የሚለውን ትረካ ማንም በቃል አያስጠናቸውም፤ ዘይቱን ከጣታቸው ላይ ይልሱታል።

ይህ ትምህርት ምን ያህል እንደሚሠራ ማስረጃው በቤታችን አለ። የቤተ እስራኤል አያቶች ጎንደር ሳሉ ሐኑካን አያውቁትም ነበር። በ1977ቱና በ1983ቱ ዘመቻዎች እስራኤል ከገቡ በኋላ ግን የልጅ ልጆቻቸው ከመዋዕለ ሕፃናት የጭቃ መቅረዝ ይዘው መጡና አያቶቻቸውን ሻማ ማብራት አስተማሩ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ! እሰየው እንጂ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እጅ ይህን ያህል የሚያስተምር ከሆነ፣ ስለ ስግድ ሲሆን ለልጆቹ እጅ የሚሰጠው ምንድን ነው?

ለማያውቀው አንባቢ ልንገር። ስግድ፣ በሌላ ስሙ ምህልላ፣ ከአስተሥርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚውል የጾምና የቃል ኪዳን በዓል ነው። በጎንደር፣ በአምቦበርና በሌሎችም ቦታዎች፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ከፊት፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከኋላ፣ አንዳንዱም ለትሕትና ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ይወጣ ነበር። እዚያም ከኦሪት፣ ከዕዝራና ከነህምያ መጻሕፍት በግዕዝ ይነበባል፤ ለሕዝቡም በአማርኛ ይተረጎማል። ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ይሰግዳሉ። ከዚያ ወርደው ጾሙን በዳቦ ይፈታሉ፤ ይጨፍራሉ። የእስራኤል ፓርላማ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ የመላው አገሪቱ በዓል ያደረገው ይህን ነው።

አሁን አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ያየሁትን ላውራ። ግድግዳው ላይ ጎጆና እንስራ ተስሏል። ልጆቹ ወረቀት ቆርጠው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ለጥፈው ጃንጥላ ሠሩ። ዳቦው ገና በጠዋቱ ተቆረሰ። ከበሮ ተመታ፣ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ከክፍሉ የኢትዮጵያውያን ልጅ የሆነችው አንዲት ሕፃን ብቻ ነበረች። እሷን ጥልፍ ቀሚስ አልብሰው መሐል አቆሟትና «ዛሬ የእሷ በዓል ነው» አሉ። ጥግ ላይ የተቀመጡት አያቷ መምህርቷን «ልጄ፣ ተራራውስ የት አለ?» አሏት። መምህርቷ ምርቃት መስሏት በፈገግታ እጅ ነሳች። አማርኛና ዕብራይስጥ የማውቅ እኔ ነበርኩ። በዓሉን እንዳላደፈርስ ብዬ ሳልተረጉም ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያልተረጎምኩትን ለመተርጎም ነው።

ልዩነቱን አስተውሉ። በሐኑካ ልጁ ሥርዓቱን ራሱን ይፈጽማል፤ ሻማውን ያበራል። በስግድ የሥርዓቱን ጌጥ ይለጥፋል። ጃንጥላው ለኦሪቱና ለቄሱ ክብር የሚዘረጋ ነው፤ ኦሪቱም ቄሱም በሌሉበት የማን ክብር ነው? ዳቦው የጾም መፍቻ ነው፤ ሳይጠበቅ ከተበላ ቁርስ እንጂ ምኑ ስግድ ይሆናል? ከሁሉ የከፋው ግን «የእሷ በዓል» የምትለው ቃል ናት። ሕጉ የሁሉም ያደረገውን ክፍሉ መልሶ የአንዲት ሕፃን አደረገው። ሕፃኗም ያን ቀን የተማረችው ስለ ቃል ኪዳን አይደለም፤ ከሌሎቹ የተለየች መሆኗን ነው።

«የአምስት ዓመት ልጅ ይጹም ልትል ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። «ከምንም ይሻላል፤ ድሮ ስሙም አይነሳም ነበር» የሚልም አለ። እውነት ነው። ነገር ግን የተሳሳተው ከምንም አይሻልም፤ ባዶ ቦታ ይሞላል፣ የተለጠፈን ነገር ማንሳት ግን ያደክማል።

የእኛንም ጥፋት አልሸፍንም። ዳቦውን ጋግረን፣ በፌስታል አንጠልጥለን በራፍ ላይ ሰጥተን የምንሮጠው እኛው ነን። መምህርቷ ያልነገርናትን ከየት ታምጣው? ቄሶቻችንን ለሠርግና ለለቅሶ እንጠራለን፤ ለሕፃናት ክፍል የጠራናቸው ስንቶቻችን ነን?

ደግሞም በእጅ ማስተማር ለቤተ እስራኤል አዲስ ነገር አይደለም። ፋሲካ ሲደርስ እናቶች አሮጌውን ሸክላ ሰብረው አዲስ ይሠሩ፣ ቂጣ ይጋግሩ ነበር። ሸክላው ሲሰበር ያየ ልጅ አሮጌው ማለፉን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ሁሉም ልጆች ነጭ ይልበሱ። እያንዳንዱ ትንሽ ጠጠር ይያዝና ከግቢው አጠገብ ያለች ጉብታ ትወጣ። ከላይ አንድ ቄስ ሁለት መስመር በግዕዝ ያንብቡ፤ አንዲት አያት በአማርኛ፣ መምህርቷ በዕብራይስጥ ይተርጉሙ። ልጆቹ ወደ ኢየሩሳሌም ይዙሩ። ዳቦው ከታች ይጠብቅ፤ ወርደው፣ ደክሟቸው፣ ርቧቸው ይብሉት። ከዚያ በኋላ ጃንጥላም ይሥሩ፣ ትከሻም ይምቱ።

ወጪው ከወረቀቱና ከሙጫው አይበልጥም። ያቺም አያት ተራራው የት እንዳለ ዳግመኛ አይጠይቁም።