ቀለሙ ከማዘጋጃ ቤት፣ ንድፉ ከዱባይ፤ ለእኛ ልጆች ምን ቀረላቸው?

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታችሁ በቀለበት መንገዱ ወደ መገናኛ ስትሄዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሕንጻዎች እስቲ ልብ በሏቸው። ግራጫ፣ ግራጫ፣ አሁንም ግራጫ! በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው ነገር ሲመጣ የመንገድ ዳር ሕንጻዎች በግራጫና በመሰል ቀለማት እንዲቀቡ ታዘዘ። የወደደው ወደደ፤ ያልወደደው ዝም አለ። ዝም ማለት መቼም ለዚህ አገር ሰው አዲስ ሙያ አይደለም።

ነገሩን ያነሳሁት አንዲት ዲዛይን የምትማር ወጣት ሰሞኑን ላቀረበችልኝ ጥያቄ መልስ ስላጣሁለት ነው። ልጅቷ ጠዋት ትማራለች፤ ከሰዓት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ማስታወቂያ ቤቶች በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ተጥዳ ሎጎ፣ ባነርና ቢዝነስ ካርድ ትሠራለች። ጠዋት አስተማሪዋ ከራስሽ አምጪ፣ የሰው ሥራ እንዳትደግሚ ይላታል። ከሰዓት የሚመጣው ደንበኛ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ የአንድ ዱባይ ያለ ካፌ ፎቶ እያሳየ ልክ እንደዚህ አድርጊልኝ፣ ስሙን ብቻ ቀይሪው ይላታል። ከራሷ ሦስት አማራጭ አውጥታ ብታቀርብለትም ዞር ብሎ አያይም። ዱባይ የተሞከረ ነገር እዚህም ያዋጣል ባይ ነው። ታዲያ ማንን ልስማ? ነው ጥያቄዋ።

የዛሬ ወጣት ፈጠራ የለውም፣ ኢንተርኔት አሰንፎታል የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ኩረጃው ከወጣቱ አልተጀመረም፤ ገንዘቡንና ትእዛዙን ከያዘው ነው የተጀመረው። ካልዲስ ኮፊ በ1990ዎቹ መገባደጃ ቦሌ መንገድ ላይ ብቅ ሲል አረንጓዴው ክብ ምልክቱ ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር መመሳሰሉን የውጭ ጋዜጦች ሳይቀሩ ጽፈውበታል። ሰዉ ግን ማኪያቶውን ወዶለት ቤቱን ሞላው። የሚገርመው በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ መንግሥት ከዚሁ ከስታርባክስ ጋር በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ ቡና ስሞች ሳቢያ ሙግት ገጥሞ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጨ። ስም ሀብት መሆኑን፣ ሌላው ሲጠቀምበት እንዴት እንደሚያንገበግብ መንግሥት ያውቃል ማለት ነው። ለቡናው ያወቀውን ለልጆቹ የእጅ ሥራ ጊዜ ምነው ረሳው?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነና ግዙፍነት ያገኘ ሥራ፣ ባይመዘገብም፣ ጥበቃ አለው ይላል። ይኸው አዋጅ ግን በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራው ሥራ፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው ይላል። ውል? የቦሌ ማስታወቂያ ቤት ውል! ልጅቷ ደመወዟን እንኳ በወሩ መጨረሻ ካገኘች ዕድለኛ ናት።

ወጥ ስለሚባለው ነገር ያላት አመለካከት ግን ከብዙ አዋቂዎች የበሰለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለመማር ብሎ መቅዳት ነውር አይደለም ትላለች፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተማሪም ከመምህሩ እየቀዳ ነው የኖረው። እሷን የሚያንገሸግሻት ሌላ ነው። ዱባይን አልፈልግም የሚል ደንበኛ ሲገኝ ደግሞ ኢትዮጵያዊ አድርጊው ይላል፤ ኢትዮጵያዊ ማለት ጀበና፣ መሶብና ሦስቱ ቀለማት ናቸው። ወይ ዱባይ፣ ወይ ጀበና! ከሁለቱ ውጪ ያለው ሰፊ ዓለም ለማን ተተወ?

በሽታው የቆየ ነው። ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1950ዎቹ ከጀርመን ተመልሶ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ ይህ የፈረንጅ እንጂ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም የሚል ነቀፋ ወርዶበታል። ሰውዬው ግን አልተመለሰም። ከጀርመኖቹ የተማረውን ከራሱ ጋር አዋሕዶ ሠራ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም አስተማረ። በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ ሞተ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም አለው። ከሞተ በኋላ ማክበር እንችልበታለን።

ደርግም በበኩሉ አብዮቱን የማያገለግል ጥበብ ጥበብ አይደለም አለ። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠዓሊና ቀራጭ ሲያሠለጥን ቆይቶ፣ በ1977 ዓ.ም. የትግላችን ሐውልት ሲቆም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ተጠሩ። ያኔ የታዘዘው ቀይ ነበር፤ ዘንድሮ ግራጫ ሆነ። የቀለም ለውጥ አለ፣ ማን ይከለክለናል!

እርግጥ ነው፣ ከኮሪደሩ በፊት የነበረው የቦሌ መስተዋትና አሉሚኒየም፣ እርስ በርሱ የሚጋፋው ታፔላ ውብ ነበር ብዬ አልከራከርም። ሥርዓት ያስፈልጋል። የታፔላው መጠን ይወሰን፣ የተንጠለጠለው ሽቦ ይነሳ፣ እግረኛውም መሄጃ ያግኝ። የሰው ግድግዳ ምን ዓይነት ቀለም ይቀባ የሚለውን ግን በከተማ ልክ አንድ ቢሮ ሲወስን ጉዳቱ ግድግዳው ላይ አይቆምም። ባለሱቁ ከጎረቤቱ የተለየ ነገር ለማዘዝ ይፈራል፤ ነገ አንሳው ቢባልስ? ማስታወቂያ ቤቱም ያንኑ አንድ ዓይነት ታፔላ ደጋግሞ ያትማል። ለዚያ ደግሞ ዲዛይነር ምን ያደርጋል? የማተሚያ ማሽኑን የሚያበራ ልጅ ይበቃል። ይህቺ ተማሪ ስትመረቅ ሥራዋን የሚነጥቃት የውጭ ኮራጅ ሳይሆን የገዛ ከተማዋ መመሪያ ነው።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱን እንጠይቅ። ግራጫን የመረጠው ማን ነው? የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤቱ መምህራን ተጠይቀዋል ወይ? ከተጠየቁ ምን አሉ? መልሱ በአደባባይ ይነገረን። ወደፊት ከሚቀቡት ሰፈሮች ደግሞ አንዱን፣ ገርጂን ወይም ጃክሮስን፣ ለወጣት ዲዛይነሮች ውድድር ያውጣው። ያሸነፈው ሰው ስሙ ሥራው ላይ ይጻፍለት፤ ክፍያውም በውል ይሁን። ዳኞቹ ግን ከካቢኔ አይምጡ።