የአያት ነፍጥ ከመጠገኑ በፊት



ሰሞኑን አንድ ጎረቤታችን ከአያታቸው የወረሱትን በአፈሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ ከግድግዳ አውርደው፣ ሰደፉን በዋንዛ ሊተኩ መጋዝና ሞረድ ይዘው ጓሮ ተቀመጡ። ሙያው ያስመሰግናል፤ ግን አንድ ነገር ተረሳ። ይህ መሣሪያ እንደ ዛሬው ከኋላ ተከፍቶ አይታይም። የዱሮ ሰው ያጎረሰው ባሩድና እርሳስ እዚያው ተጠቅጥቆ ሊቀር ይችላል፤ ባሩድ ደግሞ እርጥበት ካላገኘው ከመቶ ዓመት በኋላም ይፈነዳል። የሚያውቅ ሰው ዘንግ በአፈሙዙ ከትቶ ይለካዋል፤ ዘንጉ ታች ሳይደርስ ከቆመ ጎርሶ ይሆናል።

እንግዲህ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ «ባዶ ነው፣ ምን ይሆናል!» ይባላል እንዴ? በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም ክልክል ነው። ስለዚህ መጋዙ ይቆይ፤ መጀመሪያ ለፖሊስ ይታይ። ቅርስ የሚያምረው ቤተሰብ ደኅና ሲሆን ነው።