የመቅደላው ብራና ለንደን ነው፤ የእኛስ ካርቶን የት ነው?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። እውነታቸውን ነው። አባባሉ ሳይነግረን ያለፈው አንድ ጥያቄ ግን አለ። ለመሆኑ የሚወርሰው ማን ነው? «የራሳችን ፊደል ያለን ሕዝብ ነን» እያልን በየመድረኩ እንኮራለን። በዚያ ፊደል የተጻፈውን ለማንበብ ግን ዛሬም የባዕድ ደጅ የምንጠና ጥቂቶች አይደለንም።

ዛሬ የማነሳው የፓርቲ ጉዳይ አይደለም፤ ከፓርቲ ጉዳይ የሚያንስም አይደለም። በዓለም ዙሪያ የተበተኑት የጽሑፍ ቅርሶቻችን አንድ በአንድ ተቀርጸው፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ በኢንተርኔት እንዲያነባቸው መደረግ አለበት እላለሁ። ይህን ስል ጣቴን ወደ ፈረንጅ ብቻ አልቀስርም። ወደ ራሳችንም እመለሳለሁ።

ከመቅደላ ልጀምር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ዘረፈ። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው ብራናዎች፣ ዘውዶች፣ ጽዋዎችና ታቦታት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭነው ወረዱ። ከዚያም በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጡ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪትሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወደ 350 የሚደርሱ ብራናዎችን ለሙዚየሙ አስገባ። እነዚያ ብራናዎች ዛሬ በለንደኑ ብሪትሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥቱ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ። የቀረው እዚያው ቀረ።

አሁን ነገሩን ወደ ሰው ደረጃ እናውርደው። በጎንደር ወይም በጎጃም አንድ የቅኔ ወይም የትርጓሜ መምህር አሉ እንበል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃል ያስተማሩትን መጽሐፍ ከአንድ የቆየ ቅጂ ጋር ማመሳከር ፈለጉ። ቅጂው የተጻፈው በራሳቸው ደብር ነው። የሚገኘው ግን ለንደን ነው። እኚህ መምህር ምን ያድርጉ? አዲስ አበባ ወርደው፣ የባንክ ደብተር አቅርበው፣ ቪዛ ጠይቀው፣ ምናልባትም ተከልክለው ይመለሱ? የለንደን ተማሪ በምድር ውስጥ ባቡር ሄዶ የሚያየውን መጽሐፍ የመጽሐፉ ባለቤት ልጅ ሊያየው አልቻለም። እንግዲህ ዘረፋው በ1860 ዓ.ም. አላበቃም ማለት ነው፤ በየቀኑ ይደገማል።

መቅደላ ብቻም አይደለም። ጄምስ ብሩስ መጽሐፈ ሄኖክን ከኢትዮጵያ ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1821 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። የአውሮፓ ሊቃውንት ጠፍቶ ነበር ያሉትን መጽሐፍ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቀን እንኳ አልጣለችውም ነበር። ዳባዲ የሰበሰባቸው ብራናዎች ፓሪስ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ያቋረጠው የማርሴል ግሪዮል ቡድንም ከመጻሕፍቱ ሌላ የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው ገፎ ወስዶ በምትካቸው ግልባጭ ለጥፎ ሄደ። ዋናው ፓሪስ፣ ግልባጩ ጎንደር!

እዚህ ላይ እንዳልሳሳት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ፎቶግራፍ የዕቃው ምትክ አይደለም። የተዘረፈ ዕቃ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ ሊለዝብም አይገባም። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም የተመለሰው፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር እ.ኤ.አ. በ2019 ከለንደን የተመለሰው ሳይታክቱ የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ሙዚየሞቹ «ምስሉን ኢንተርኔት ላይ አውጥተንላችኋል፣ ዝም በሉ» ቢሉን አንቀበልም። ነገር ግን የብሪትሽ ሙዚየም ሕግ ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ በመመለስ ላይ በር ዘግቶ ተቀምጧል። ያ በር እስኪከፈት ድረስ ሌላ ትውልድ ሳያነብ ይሙት ወይ? አይገባም። «መልሱ» እያልን «እስክትመልሱ ደግሞ እያንዳንዱን ገጽ በነፃ አሳዩን» ማለት እንችላለን። ሁለቱ ጥያቄዎች አይጣሉም። እንዲያውም ዓለም ያየውን ዕቃ መደበቅም መካድም ያስቸግራል።

ሥራው እንደሚቻል ማስረጃው ከእኛው አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ያን ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ፤ ፊልሙ ደግሞ በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ተደረገ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ቢሆንም ሥራው አልቆመም። በጦርነትና በረሀብ መካከል ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ።

እነዚያን ፊልሞች አንድ በአንድ አንብበው መዝገብ ካዘጋጁላቸው ሊቃውንት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ተሰደው ሚኒሶታ ገቡ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ከዚያ ሥራ አልተለዩም። በስደት ላይ ሆኖ ለአገር ምን ይሠራል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ዛሬ የዚያ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ለተመዘገበ ሰው ሁሉ በነፃ ክፍት ነው። ከሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲም «ቤተ መጻሕፍት» ብሎ መጠሪያውን ከግዕዝ የወሰደው የመዝገብ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለማንም ክፍት ሆኗል። የቫቲካንና የፓሪስ ቤተ መጻሕፍትም ከያዟቸው የግዕዝ ብራናዎች ብዙዎቹን በነፃ ያሳያሉ።

ለምን እቸኩላለሁ? ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ጥንታዊው የነጃሺ መስጊድ ተመታ፤ ገዳማትና አድባራት ተዘረፉ፤ የኢትዮጵያ ብራናዎች በኢንተርኔት ገበያ ላይ በዶላር ተሰቅለው ታዩ። ከጦርነቱ በፊት የተቀረጸ መጽሐፍ ቢሰረቅ እንኳ ቃሉ አለ፤ ሌባውም ሊሸጠው ሲሞክር «ይህ የእገሌ ደብር ነው» ብሎ የሚከራከር ምስል አለ። ያልተቀረጸው ግን ከተቃጠለ ተቃጠለ፣ ከተሸጠ ተሸጠ። ምን እንደጠፋብን እንኳ ለመናገር አንችልም።

ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውንም አልንቅም። አንዳንድ የገዳም አባቶች «ፎቶግራፍ ካነሳችሁ ሌባ ትጠቁማላችሁ» ይላሉ። ስጋታቸው የመጣው ከደረሰባቸው ነው፤ ጎብኚ መስሎ ገብቶ ዘርፎ የወጣ ብዙ ነውና። ስለዚህ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንድ ገጽ መነሣት የለበትም። ዋናው ከቦታው ንቅንቅ ማለት የለበትም። የምስሉ ቅጂም መጀመሪያ ለደብሩ፣ ቀጥሎም ለአዲስ አበባው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሰጠት አለበት። መታየት የሌለበትም አለ። ታቦት ፎቶግራፍ አይነሣም። የብሪትሽ ሙዚየም እንኳ በእጁ ያሉትን ታቦታት ለሕዝብ አያሳይም። ሁሉ ይታይ ማለቴ አይደለም፤ የሚነበብ ይነበብ ነው የምለው።

ይህ የአንድ ሃይማኖት ጉዳይ እንዳይመስለን ደግሞ ወደ ሐረር እንመልከት። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሐረርን የዐረብኛና የአደርኛ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና የድምፅ ቅጂዎች ከየቤቱ ለቅመው፣ የመጽሐፍ ጥገናውን ራሳቸው ተምረው፣ በራስ መኮንን ቤት ሙዚየም አቆሙ። መንግሥት አዟቸው አይደለም። አንድ ሰው ከቤቱ ጀመረ።

ከቤቱ ጀመረ ካልኩ ዘንድ ወደ ቤታችን ልግባ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳንባል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዋሽንግተን አካባቢ አንድ የማከብራቸው አዛውንት ዐርፈው ልቅሶ ሄድኩ። ከ1960ዎቹ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ጀምሮ የነበሩ ሰው ናቸው። ምድር ቤታቸው ውስጥ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካርቶኖች እንደነበሯቸው አውቅ ነበር። ከአርባው በኋላ ልጃቸውን ስለ ካርቶኖቹ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ ቤቱ ሊሸጥ ስለሆነ አጸዳነው። የአባዬ ወረቀቶች ነበሩ፤ ማንበብ ስለማንችል ጣልናቸው» አለችኝ። ቀጥላም «ምን ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሃያ ዓመታት በዚያ ቤት ቡና ስጠጣ «ጋሼ፣ እስቲ እነዚህን አብረን እናንሳቸው» አላልኩም።

ምን ነበሩ? በሰሜን አሜሪካ የነበረው የተማሪዎች ማኅበር ያሳትመው የነበረው «ቻሌንጅ»፣ የአውሮፓው ማኅበር «ታጠቅ»፣ በስቴንስል የተባዙ «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»፣ ከእስር ቤት በድብቅ የወጡ ደብዳቤዎች፣ ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ የተላኩ ፎቶግራፎች፣ ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የወጡና ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት የተዘጉ የግል ጋዜጦች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ያንን ያደረገው እገሌ ነው» «የለም እገሌ ነው» እየተባባልን የምንጨቃጨቅበት ታሪክ ማስረጃው በየምድር ቤታችን እየሻገተ ነው። ክርክራችን የማያልቀው ሰነዱን ማንም ስለማያየው ጭምር ነው። ወገኖቼ፣ መቅደላን የዘረፈው ናፒየር ነው። ይህንን የሚዘርፈን ማን ነው?

ኢንተርኔት ላይ ያለው ደግሞ ተርፏል ብለን አንዘናጋ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፤ በዚያን ጊዜ የተጻፈ ፋይል ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ይታያል። በየስደቱ ከተማ የተከፈቱ ስንት ድረ ገጾች የዓመት ክፍያ የሚከፍል ጠፍቶ ተዘግተዋል? ታላላቆቹም አይድኑም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ብሪትሽ ላይብረሪ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ተመትቶ፣ የእኛን ጨምሮ የብራና ምስሎቹ ለብዙ ወራት ተዘጉ። በዓመቱ ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ ተመትቶ ለቀናት ተቋረጠ። እንግዲህ አንድ ቦታ ያለ ምስል አለ አይባልም። ቢያንስ ሦስት ቦታ፣ ከሦስቱም አንዱ ኢትዮጵያ ውስጥ መሆን አለበት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ኮሚቴ እስኪቋቋም፣ ሊቀ መንበር እስኪመረጥ፣ ከዚያም ለሁለት እስኪከፈል አንጠብቅ። ይህን የምለው ልማዳችንን ስለማውቀው ነው። እያንዳንዳችን ከቤታችን እንጀምር። ካርቶኑን እናውርድ። ፎቶግራፍ ከሆነ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አዛውንት በሕይወት ሳለ ስሙን ጠይቀን እንጻፍ፤ ስም የሌለው ፎቶግራፍ ወረቀት ነው። ስካነር ከሌለን በብርሃን ፊት በስልካችን ቀጥ አድርገን እናንሳ፤ ገጽ አንዝለል። በሕይወት ያለ ሰው የሚጎዳበት ደብዳቤ ከሆነ ተቀርጾ ይቀመጥ እንጂ አይውጣ። የቀረውን ግን ያለ ክፍያ፣ ያለ ይለፍ ቃል እናውጣው። የጠላነው ድርጅት ጽሑፍ ቢሆንም እናውጣው። የራሱን ወገን ብቻ የሚያስቀምጥ ቤተ መዛግብት ካድሬ እንጂ ቤተ መዛግብት አይደለም።

በየከተማው ያሉ የማኅበረሰብ ማዕከሎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች በወር አንድ ቅዳሜ አዳራሻቸውን ለዚህ ይክፈቱ። ወጣቶቹ ኮምፒዩተሩን ያውቃሉ፤ ሽማግሌዎቹ ንባቡን ያውቃሉ። አብረው ቢቀመጡ ልጆቹ አማርኛውንም ይማራሉ። በለንደንና በፓሪስ ያላችሁ ደግሞ ለቤተ መጻሕፍቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ «የትኛው ተቀረጸ፣ የትኛው ቀረ፣ መቼ ይወጣል?» ብላችሁ በስም ጠይቁ። የሕዝብ ገንዘብ የሚበላ ተቋም ለጠያቂ መልስ መስጠት አለበት።

እኔ በበኩሌ ከልቅሶው ከተመለስኩ በኋላ የራሴን ካርቶን አወረድኩ። የመጀመሪያውን ስከፍት አይጥ ግማሹን በልታዋለች። የቀረውን እያነሳሁ ነው። እናንተስ?

ቸር ይግጠመን።